ዋስ እና መያዣ

በ1961 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚመጡት ዘመናት ሁሉ፥ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፥ እንደዚሁ ይቈጠሩ)፥ በግንቦት ወር ማለቂያ፥ ወጣቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ወደ ፓሪስ በመጡ ጊዜ፥ ሕዝቡ በየጐዳናው ተሰልፎ በታላቅ ድምቀት ሲቀበላቸው፥ ባለቤታቸውም በአለባበሳቸውና በፈረንሳይኛ አነጋገራቸው የጋዜጠኛውን ሁሉ ዓይን ሲስቡ፥ ሽማግሌው ጄኔራል ደ ጎል ግን ለእንግዳቸው አንድ ጥያቄ አዘጋጅተው በእልፍኛቸው ይጠብቁ ነበር። ጥያቄው በአጭሩ ሲነገር፥ ፓሪስን ለማዳን ሲባል አሜሪካ ኒውዮርክን ለእሳት አሳልፋ ትሰጣለችን? የሚል ነው። ኬኔዲ አገራቸው ቃሏን እንደምትጠብቅ አጽንተው ተናገሩ፤ ጄኔራሉ በጨዋነት አዳመጡ፥ ነገር ግን አላመኑም።

ጥርጣሬውን ያመጣው ከአራት ዓመት በፊት፥ በ1957፥ ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ መላኳ ነበር። ያችን ትንሽ ኳስ ያወጣ ሮኬት የአቶም ቦምብ ተሸክሞ ውቅያኖስ ሊሻገር እንደሚችል የገባቸው ሁሉ፥ እስከዚያ ቀን በሁለት ባሕሮች መካከል ተጠብቃ የኖረችው አሜሪካ፥ ከእንግዲህ ወዲህ ስለ ሌላው ስትል የገዛ ከተሞቿን ለአደጋ የምታጋልጥ ዋስ መሆኗን ተገነዘቡ።

በአገራችን ሸንጎ የቆመ፥ ወይም ወግ ከአባቶቹ የሰማ ሰው፥ የጄኔራሉ ጭንቀት ከወዴት እንደ መነጨ ለመረዳት አይቸገርም። ዋስ ጥራ የተባለ ሰው ዋሱን ይዞ ሲቀርብ፥ ባላጋራው ሁለት ነገር ይመረምራል፤ አንደኛው፥ ይህ ዋስ የሚከፍለው አለው ወይ? የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው፥ የመክፈያው ቀን በደረሰ ጊዜ ልቡ ይጨክናል ወይ? የሚል ነው። አቅሙ በከብቱና በርስቱ ይታያል፤ ልቡ ግን ከእግዚአብሔር በቀር ለማንም አይታይምና፥ ብልህ አበዳሪ ዋስ ከተጠራለት በኋላ እንኳ መያዣ ይጠይቃል። የምዕራባውያን መንግሥታት የመከላከያ ፖለቲካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በብዙ መጻሕፍትና በብዙ ጉባኤ የተተነተነ ቢሆንም፥ እኔ እንደሚመስለኝ ከሥሩ ሲታይ ይኸው የዋስና የመያዣ ነገር ነው።

ኔቶ የተባለው ማኅበር የተመሠረተበት የዋስትና ውል የተፈረመው በ1949፥ በሚያዝያ ወር በ4ኛው ቀን፥ በዋሽንግተን ከተማ ሲሆን፥ የፈረሙትም 12 መንግሥታት ነበሩ። ያን ጊዜ ስታሊን ወደ ምዕራብ በርሊን የሚወስደውን የባቡርና የመኪና መንገድ ዘግቶ፥ ሁለት ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ እህሉንም ከሰሉንም በአውሮፕላን ሲቀበል አሥር ወር ያህል አልፎት ነበር፤ በፕራግም ከአንድ ዓመት በፊት ኮሚኒስቶች ሥልጣኑን ጠቅልለው ወስደው ነበርና፥ ምዕራብ አውሮፓ በፍርሃት ተይዛ ወደ አሜሪካ ትመለከት ነበር። ነገር ግን የአሜሪካ ሴናተሮች፥ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው ጆርጅ ዋሽንግተን በ1796 ሲሰናበቱ ከባዕዳን መንግሥታት ጋር ዘላቂ ቃል ኪዳን እንዳትገቡ ብለው የተዉላቸውን ምክር የሚያከብሩ፥ ጦርነት የማወጅ ሥልጣናቸውንም ለማንም ማካፈል የማይወዱ ሰዎች ስለ ነበሩ፥ በውሉ ቃል ላይ ብዙ ተከራከሩ። ለባዕድ የሚዋስ ሰው መከራ እንደሚያገኘው ጠቢቡ ሰሎሞን የተናገረውን ሳያስታውሱ የቀሩም አይመስለኝም።

ከክርክሩ የወጣው አንቀጽ 5 ነው። አንቀጹ በአንዱ አባል ላይ የተቃጣ የጦር ጥቃት በሁሉም ላይ እንደ ተቃጣ ይቈጠራል ብሎ በግርማ ይጀምርና፥ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ መንግሥት የጦር ኀይልን ጭምር፥ አስፈላጊ መስሎ የታየውን ርምጃ ይወስዳል ይላል። አስፈላጊ መስሎ የታየውን! አንባቢ ይህን ሐረግ ቆም ብሎ ይመርምረው፤ በቅሎን ከነጭነቷ የሚያሳልፍ ክፍተት ነውና። አንዱ መንግሥት መቶ ሺህ ወታደር ልኮ ውሉን ፈጸምሁ ቢል፥ ሌላው ደግሞ መድኀኒትና ብርድ ልብስ ልኮ ፈጸምሁ ቢል፥ እንደ ቃሉ ሁለቱም አልዋሹም። ከአንድ ዓመት በፊት ብሪታንያ፥ ፈረንሳይና ሦስት ጐረቤቶቻቸው በብራስልስ የተፈራረሙት ውል በአቅማችን ያለውን የጦር ርዳታ ሁሉ እንሰጣለን የሚል ስለ ነበረ፥ ከዚህ ይልቅ የጠበቀ ነበር።

ሆኖም የውል ቃል መጥበቅ ብቻውን ምን ያህል እንደሚረባ ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ ሕዝብ ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ በጄኔቭ ወደ ነበረው የመንግሥታት ማኅበር በአባልነት የገባችው በእኛ አቈጣጠር መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፥ በመስቀል ዕለት ነበር። የዚያ ማኅበር አንቀጽ 16 ከኔቶ አንቀጽ 5 ይልቅ እጅግ የጠነከረ ሆኖ፥ ውሉን አፍርሶ ጦርነት የሚያነሣ መንግሥት በሌሎቹ አባሎች ሁሉ ላይ ጦርነት እንዳነሣ ይቈጠራል፥ ንግዱና ገንዘቡም ወዲያውኑ ይቋረጥበታል የሚል ነበር። የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን በተሻገረ ጊዜ ማኅበሩ አላመነታም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ኢጣሊያን ጥፋተኛ ብሎ ፈረደባት፥ በኅዳርም ወር የንግድ ማዕቀብ ጣለባት። ነገር ግን ከተከለከለው ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ለጦር መኪናና ለአውሮፕላን ደም የሆነው ነዳጅ አልነበረበትም፤ በብሪታንያ እጅ የነበረው የስዊዝ ቦይም መርዝ ጋዝ ለጫኑት መርከቦች ሳይዘጋ ቀረ፤ በታኅሣሥ ደግሞ የብሪታንያና የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፥ ሆርና ላቫል፥ የኢትዮጵያን መሬት ቈርሰው ለወራሪው ለመስጠት በስውር መምከራቸው ታወቀ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ አደባባይ ቆመው በኢጣሊያ ጋዜጠኞች ፉጨት መካከል አቤቱታቸውን ባሰሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ፥ የማዕቀቡ መነሣት ተወሰነ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ለንደንና ፓሪስ በኢትዮጵያ ምድር ያስያዙት ነገር አልነበራቸውምና። ኢትዮጵያ ብትወድቅ የሚቃጠልባቸው ከተማ፥ የሚማረክባቸው ሻለቃ የላቸውም፤ እንዲያውም ሂትለርን ለመግታት የሙሶሊኒን ወዳጅነት ይፈልጉ ስለ ነበረ፥ ዋስትናቸውን ቢፈጽሙ የሚጐዱ መስሏቸው ነበር። የጠበቀው ቃል ያለ መያዣ ሲቀር ከአንድ ዓመት በታች ፈረሰ፤ የላላው የዋሽንግተን ቃል ግን እነሆ ሰባ አምስት ዓመት አልፎት ቆሟል። ይህን ልዩነት ያመጣው ቀለሙ አይደለም።

መያዣው ምን እንደ ሆነ ለማየት ወደ በርሊን መመለስ ያሻል። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በምዕራብ በርሊን ውስጥ 12,000 ያህል የአሜሪካ፥ የብሪታንያና የፈረንሳይ ወታደሮች ይኖሩ ነበር። ከተማይቱ በምሥራቅ ጀርመን መካከል እንደ ደሴት የተከበበች ስለ ሆነች፥ በዙሪያዋም የሰፈረው የሶቪየት ጦር ከእነርሱ ብዙ እጥፍ ስለ ሆነ፥ ውጊያ ቢነሣ ጥቂት ቀን እንኳ ሊያቆዩአት አይችሉም ነበር። ታዲያ ምን ይሠራሉ? ቶማስ ሼሊንግ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጥያቄ አንሥቶ የሰጠው መልስ በጭካኔው የሚያስደነግጥ፥ በግልጽነቱ ግን የሚያስመሰግን ነው፤ ሥራቸው መሞት ነው፤ ሲሞቱም በአሜሪካ ያለው ሕዝብና መንግሥቱ ዝም ብለው ሊያልፉት የማይችሉት ነገር እንዲሆን ነው ይላል። እነዚያ ወጣቶች፥ ቅዳሜ ማታ በበርሊን ዳንስ ቤት የሚታዩት፥ ለካስ የከተማይቱ መያዣ ነበሩ። በነሐሴ 1961 የበርሊን ግንብ መሠራት በጀመረ ጊዜ ኬኔዲ 1,500 ያህል ወታደር በምሥራቅ ጀርመን መንገድ አሳልፈው ወደ ከተማይቱ ጨመሩ። ይህ ቍጥር ለጦርነት ሚዛን ምንም ነው፤ እንደ መያዣ ሲታይ ግን ብዙ ነበር።

ደ ጎል ግን በሰው መያዣ መኖርን አልወደዱም። ፈረንሳይ የራሷን የአቶም ቦምብ በየካቲት 1960 በሰሐራ በረሓ፥ ሬጋን በተባለ ስፍራ፥ አፈነዳች (በረሓው የአልጄሪያ መሆኑን፥ የአልጄሪያም ሕዝብ ያን ጊዜ ለነጻነቱ ከፈረንሳይ ጋር ይዋጋ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል፤ ስለ ነጻነት የሚደረግ ሙከራ በሌላው ነጻነት ላይ መደረጉ አዲስ ነገር አይደለም)። በ1966ም ከኔቶ የጋራ የጦር ትእዛዝ ወጥተው የማኅበሩን መሥሪያ ቤት ከአገራቸው ስላሰናበቱ፥ ወደ ቤልጂግ ተዛወረ። ፈረንሳይ ወደ ጋራው ትእዛዝ የተመለሰችው በ2009 ነው፤ ቦምቧን ግን እስከ ዛሬ በራሷ እጅ ይዛለች።

የነገሩ አስገራሚ ክፍል፥ አንቀጽ 5 በሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑና፥ ያን ጊዜም የተጠራው ዋስ አውሮፓ መሆኗ ነው። መስከረም 11 ቀን 2001 ኒውዮርክና ዋሽንግተን በተመቱ ማግስት የማኅበሩ አባሎች ተሰብስበው ጥቃቱ በሁላችን ላይ እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል አሉ። ከጥቅምትም ጀምሮ የኔቶ የቅኝት አውሮፕላኖች፥ ከ13 አገር የተውጣጡ ሠራተኞችን ይዘው፥ የአሜሪካን ሰማይ ለወራት ጠበቁ፤ ስለ ፓሪስ ኒውዮርክ ትቃጠል ወይ ተብሎ ከተጠየቀ ከአርባ ዓመት በኋላ፥ ስለ ኒውዮርክ የአውሮፓ ልጆች ወደ አፍጋኒስታን ሄደው ሞቱ። ዴንማርክ 43 ወታደር ቀበረች፤ ሕዝቧ ከአንድ ሚሊዮን ከሦስት መቶ ሺህ ብዙ የማይበልጠው ኤስቶኒያ 9። እነዚህ ሬሳዎች በአሜሪካ ፖለቲካ አደባባይ፥ አውሮፓ የሚገባትን አትከፍልም እየተባለ በተነገረ ቍጥር፥ ለመልስ የሚነሡ ናቸው፤ አነሣሣቸውም የባለዕዳ ሳይሆን የባለ ገንዘብ ነው።

ከዋስትና ጋር የሚመሳሰል፥ ግን ዋስትና ያልሆነ ቃል ደግሞ አለ። ሶቪየት ኅብረት በፈረሰች ጊዜ በዩክሬን ምድር 1,900 ያህል አህጉር አቋራጭ የኑክሌር አረሮች ቀርተው ነበርና፥ ዩክሬን እነዚህን አሳልፋ እንድትሰጥ በ1994፥ በታኅሣሥ 5 ቀን፥ በቡዳፔስት አንድ ሰነድ ተፈረመ። አሜሪካ፥ ብሪታንያና ሩሲያ የዩክሬንን ወሰንና ነጻነት እናከብራለን ብለው ስማቸውን አኖሩበት። (ዕለቱ ለኢጣሊያ ወረራ ሰበብ የሆነው የወልወል ግጭት ከተነሣበት ቀን ልክ ስድሳ ዓመቱ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ታሪክ ዐዋቂ ዩክሬናዊ ከኢትዮጵያዊ ጋር ቢገናኝ ግን ሳያነሡት አይለያዩም።) በሰነዱ የእንግሊዝኛ ግልባጭ ላይ የተጻፈው ቃል ዋስትና ማለት አይደለም፤ ከእርሱ ዝቅ ያለ፥ እንደ ማጽናኛ ያለ ቃል ነው፤ የአሜሪካ ሕግ ዐዋቂዎችም ይህን የመረጡት ዐውቀው ነበር። በዩክሬንኛው ግልባጭ ግን የገባው የዋስትና ቃል ነው። አንዱ ወገን አይዞህ ሲል ሌላው ተዋስሁህ ሲባል እየሰማ ተፈራረሙ። በ2014 ሩሲያ ክሪሚያን በያዘች ጊዜ፥ በየካቲት 2022 ደግሞ ሠራዊቷን በአራት ማዕዘን ባስገባች ጊዜ፥ የምዕራቡ ዓለም ብዙ መሣሪያና ብዙ ገንዘብ ሰጠ፤ ወታደር ግን አልላከም፥ በውሉም ግዴታ አልነበረበትምና። በ2008 በቡካሬስት ኔቶ ዩክሬንን ወደ ፊት አባል ትሆናለች ብሎ ቀን ሳይቈርጥ መተዉ ነገሩን አባሰው እንጂ አላሻለውም፤ ጠላትን የሚያስቈጣ፥ ወዳጅን ግን የማያድን ተስፋ ነበር። በእኔ አስተያየት ከዚያ ሁሉ ዘመን የምዕራባውያን ስሕተት ትልቁ ይህ ነው፤ አዎን ወይም አይደለም ቢሉ ኖሮ ሁለቱም ከዚህ ይሻሉ ነበር።

በሰሜን ያሉት ጐረቤቶች ትምህርቱን ሳይውሉ ሳያድሩ ወሰዱ። ከሩሲያ ጋር 1,340 ኪሎ ሜትር ድንበር ያላት ፊንላንድ በሚያዝያ 2023፥ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ከቃል ኪዳን ጦር ርቃ የኖረችው ስዊድን በመጋቢት 2024 ገቡና፥ አባሎቹ 32 ሆኑ። ከዚያ በፊት፥ በ2016 በዋርሶ በተደረገው ጉባኤ፥ በኤስቶኒያ፥ በላትቪያ፥ በሊትዌኒያና በፖላንድ እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ያህል ሰው ያላቸው አራት የጦር ክፍሎች እንዲሰፍሩ ተወስኖ ነበር፤ መሪዎቹም እንደ ቅደም ተከተላቸው ብሪታንያ፥ ካናዳ፥ ጀርመንና አሜሪካ ነበሩ። የበርሊኑ ነገር እንደ ገና መጣ፤ ከሩሲያ ጋር በድልድይ በምትገናኘው፥ አብዛኛው ነዋሪዋ ሩሲያኛ ተናጋሪ በሆነው በናርቫ ከተማ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ፥ የኤስቶኒያ ነገር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የብሪታንያ ልጆች በአቅራቢያው ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ ብልህ ሌባ በሬውን አይወስድም፤ በየሌሊቱ ከአጥሩ አንዳንድ እንጨት ይመዝዛል። በታኅሣሥ 25 ቀን 2024፥ ፈረንጆቹ ልደትን ሲያከብሩ፥ ፊንላንድን ከኤስቶኒያ ጋር የሚያገናኘው የባሕር ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ተቈረጠ፤ የፊንላንድ ፖሊሶችም የሩሲያ ዘይት የጫነች፥ መልሕቋን በባሕሩ ወለል ስትጐትት ነበር የተባለች መርከብ ላይ ወጥተው ያዟት። በመስከረም 2025 ደግሞ ሃያ ያህል ሰው አልባ አውሮፕላኖች ከሩሲያ በኩል ወደ ፖላንድ ሰማይ ገብተው፥ የኔቶ አውሮፕላኖች አንዳንዶቹን መትተው ጣሉ። ፖላንድ ግን የጠራችው እንመካከር የሚለውን አንቀጽ 4ን እንጂ አንቀጽ 5ን አልነበረም። ስለ ተቈረጠ ሽቦ ማን ኒውዮርክን ያቃጥላል? የሞስኮም ስሌት ይህ ይመስላል፤ ዋሱ ሊከፍል የማይፈልገውን ትንሽ ትንሽ ዕዳ እያበዙ፥ መክፈልን የማይለምድ ዋስ እንዲሆን ማድረግ።

በዋሽንግተን በኩልም የዋሱ ልብ እየተፈተነ ነው። ዶናልድ ትራምፕ በየካቲት 2024 በደቡብ ካሮላይና ለምርጫ ሲቀሰቅሱ፥ የሚገባቸውን ለማይከፍሉ አባሎች እንደማይከላከሉላቸው፥ ሩሲያም የወደደችውን እንድታደርግባቸው እንደሚያደፋፍሩ መናገራቸው፥ በአውሮፓ ከተሞች እንደ መብረቅ ተሰማ። ቅሬታው ራሱ አዲስ አይደለም፤ ሴናተር ማንስፊልድ በ1971 በአውሮፓ ያለው የአሜሪካ ሠራዊት በእኩሌታ ይቀነስ የሚል ሐሳብ አቅርበው በድምፅ ተሸንፈዋል፤ ዋስ ሆኖ የማያጕረመርም የለም። አዲሱ ነገር ማጕረምረሙ ጠላት በሚሰማበት አደባባይ መሆኑ ነው። አባሎቹ በ2014 ከአገር ገቢያቸው ከመቶ 2 እጅ ለመከላከያ ለማውጣት ተስማምተው ነበር፤ በሰኔ 2025 በሄግ ይህን እስከ 2035 ድረስ ወደ 5 እጅ ለማሳደግ ቃል ገቡ፥ ከዚህም 3.5ቱ ለጦሩ፥ 1.5ቱ ለመንገድ፥ ለድልድይና ለመሳሰለው ነው። ስፔን ግን አልችልም ብላለች።

ገንዘቡ ያስፈልጋል፤ ዋስ አቅም ከሌለው ነገሩ ከመጀመሪያው ከንቱ ነውና። ነገር ግን ገንዘብ ልብን አይተካም፤ ስለዚህም የደ ጎል ጥያቄ ተገልብጦ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ፕሬዚዳንት ማክሮን በመጋቢት 2025 የፈረንሳይ የኑክሌር ኀይል ለአውሮፓ ጥላ ሊሆን ይችል እንደ ሆነ እንነጋገር ባሉ ጊዜ፥ በታሊንና በቪልኒውስ ያሉ ሰዎች በልባቸው የጠየቁት፥ ፓሪስ ስለ እኛ ስትል ትቃጠላለችን? ብለው መሆን አለበት። ጄኔራሉ በመቃብራቸው ሆነው መልሱን ሊሰጧቸው አይችሉም።

ጀርመን በበኩሏ ሌላ መንገድ ይዛለች። በግንቦት 2025 ቻንስለር ሜርዝ በቪልኒውስ አደባባይ ቆመው፥ ጀርመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሯ ውጭ በቋሚነት የምታሰፍረውን ብርጌድ ሥራ አስጀመሩ፤ በ2027 ቍጥሩ 5,000 ያህል ይሆናል ተብሏል። ለዚህም ሩድኒንካይ በተባለው ደን፥ ከቤላሩስ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፥ ሰፈሩ ይሠራል። የሊትዌኒያ መንግሥት ያዘጋጀው ግን የታንክ ማቆሚያና የአረር ግምጃ ቤት ብቻ አይደለም፤ ወታደሮቹ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ስለሚፈለግ፥ በጀርመንኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤትና ሕፃናት የሚውሉበት መዋያም በዕቅዱ ውስጥ ገብቷል።